የአዋሽ ወንዝና የአፋር ከብት አርቢዎች ድህነት

ከጣርማ በር አፋፍ ወይም ከባቲ በላይ ካለው ተራራ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ደገኛ፣ ከበታቹ የተዘረጋውን ሰፊ ቆላ ባየ ጊዜ በልቡ የሚፈርደው ፍርድ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ይኸውም «ምድሩ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ በላዩ የሚኖረው ሕዝብ ድኻ ነው» የሚል ነው። ከዚህም አልፎ ድህነቱን ከመንጋው ጋር በመዞሩ የሚያሳብብ፣ «አንድ ስፍራ ተቀምጦ ቢያርስ ኖሮ ባልተራበ ነበር» ብሎ የሚመክር ሰው አይታጣም። ይህ አሳብ በገበያና በጠጅ ቤት ብቻ ሳይሆን በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤትም ብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል።

ዳሩ ግን የአፋርን አገር ታሪክ በዝግታ ለመረመረ ሰው ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ደረቁ ምድር ሕዝቡን መዞርን አስተማረው እንጂ ብቻውን ድኻ አላደረገውም። ድኻ ያደረገው፣ በዚያ በሰፊው ደረቅ ምድር መካከል ቀጥኖ የሚያልፈው ለምለም የወንዝ ዳር ከእጁ መውጣቱ ነው። ጠባቡ ለምለም በሄደ ጊዜ የቀረው ሰፊ ምድርም የቀድሞ ጥቅሙን አጣ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት አስቀድሞ የምድሩን አቀማመጥ፣ ቀጥሎ የሕዝቡን አኗኗር፣ ከዚያም በኋላ የመጣውን ለውጥ በየተራው መመልከት ይገባል።

የአፋር ምድር ከኢትዮጵያ ደጋ በስተምሥራቅ፣ በስምጥ ሸለቆው ሰሜናዊ ክፍል ይገኛል። የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የምሥራቅ አፍሪቃ ስምጦች ሦስቱም የሚገናኙት በዚህ ስፍራ ነው። ምዕራቡ በደጋው ገደል ታጥሯል፤ ሰሜኑ እየዘቀጠ ሄዶ በዳሎል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ዳሎል የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከተለካባቸው የዓለም ስፍራዎች ሁሉ እጅግ ከሚሞቁት አንዱ ነው። ዝናሙ በገደሉ ሥር እስከ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ሲደርስ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር እየቀነሰ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። ከማነሱም ይልቅ የሚከፋው አለመታመኑ ነው፤ አንዱ ቀበሌ ረክቶ ሲያድር ጎረቤቱ ጠብታ ሳያይ ይከርማል። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ አንድ ስፍራ ተቀምጦ ዝናምን መጠበቅ ማለት ከዓመታት በአንዱ መሞት ማለት ነው።

ይህን ምድር ሰው የሚኖርበት ያደረገው አዋሽ ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ይነሣል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከወረደ በኋላ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፋል፤ ከሰምን፣ ቀበናን፣ ቦርከናን፣ ሚሌንና ሎግያን ከደጋው ገደል እየተቀበለ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በመጨረሻም እንደ ሌሎች ታላላቅ ወንዞች ወደ ባሕር ሳይገባ፣ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ አዋሽ በደጋው ላይ የዘነመውን ዝናም ዝናም ለማይበቃው ቆላ የሚያካፍል ወንዝ ነው። በክረምት ሲሞላ ከአፉ ወጥቶ ግራና ቀኙን ያለብሳል፤ ውኃው በተመለሰ ጊዜ በተወው ደለል ላይ ሣር ይበቅላል። ይህም ሣር የሌላው ሜዳ ሣር ሁሉ ደርቆ ካለቀ በኋላ ገና ለምለም ሆኖ ይቆያል።

አፋሮች ዓመቱን የሚከፍሉት በዚህ የውኃ መመላለስ ነው። ከርማ የሚሉት ዋናው ዝናም ከሰኔ እኩሌታ እስከ መስከረም ይዘንማል። ሱጉም የሚሉት አጭሩ ዝናም በመጋቢትና በሚያዝያ ይመጣል፤ በታኅሣሥ አካባቢም ዳዳ የሚባል ጥቂት ካፊያ አለ። ጊላል የሚባለው በጋ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ከሱጉም በኋላ የሚመጣው ሐጋይ ግን ሙቀቱ የበረታ፣ ለከብትም ለሰውም የፈተና ወራት ነው። ከርማ ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ትንኙም ይበረታል፤ ስለዚህ መንጋው ከወንዙ ርቆ እንደ አላይደጌ ወዳሉት ሰፋፊ ሜዳዎች ይወጣል። የሜዳው ሣርና ኩሬ ባለቀ ጊዜ ደግሞ ወደ አዋሽ ዳር ይመለሳል። በዚህ አኳኋን ሜዳው ሲበላ የወንዙ ዳር ያርፋል፤ የወንዙ ዳር ሲበላም ሜዳው ያርፋል። ይህ ያለ ሥርዓት መንከራተት ሳይሆን፣ ገበሬ አንዱን ማሳ እያሳደረ ሌላውን እንደሚያርስ ያለ የታሰበበት አሠራር ነው።

የከብቱም ዓይነት በዚሁ አሳብ የተመረጠ ነው። ግመል የግራርን ቅጠል በልታ ያለ ውኃ ብዙ ቀን መቆየት ትችላለች። ላም ግን ሣር ትሻለች፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ካልጠጣችም አትቆይም። በግና ፍየል ደግሞ ፈጥነው ስለሚዋለዱ ከድርቅ በኋላ ቤተ ሰቡ መልሶ እንዲቋቋም ይረዳሉ። ሁሉም በአንድ ቤት የሚገኙት አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲተርፍ ነው። ከመንጋውም የሚበዛው እንስት መሆኑ ወተት ለማግኘትና ሞት የቀነሰውን ቁጥር ለመመለስ ነው። ስለዚህ ሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው «ከብቱን ለመቁጠርያ ብቻ ያበዛል» ብሎ የሚነቅፈው ነገር፣ በእርግጥ ጎተራ የሌለው ሰው ጎተራ ነው። ግን የሚተነፍስ ጎተራ በበሽታም በጥማትም ሊያልቅ ይችላል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን እንደ ፈጀ የሚነገረው የከብት በሽታ፣ ይህ ሀብት እንዴት በአንድ ጊዜ ሊጠፋ እንደሚችል ለደገኛውም ለቆለኛውም አሳይቷል። ያ በሽታ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ምድሩንም የሚያስተዳድር ሕግ ነበረ። እያንዳንዱ ጎሣ የራሱ የግጦሽ ስፍራና የራሱ የውኃ መውረጃ አለው፤ በክፉ ዓመት ግን ዝናም የከዳው ወገን ዝናም ወዳገኘው ወገን በልመና ይገባል፣ ነገ ደግሞ ብድሩን ይመልሳል። ኤዶ የሚባል መልእክተኛ ከመንጋው አስቀድሞ ሄዶ ሣሩን፣ ውኃውን፣ በሽታውንና ሰላሙን አይቶ ይመለሳል። በመንገድ የተገናኙ ሁለት አፋሮችም ዳጉ በሚባለው ሥርዓት ተቀምጠው ወሬ ሳይለዋወጡ አይለያዩም። የት እንደ ዘነመ፣ የማን መንጋ ወዴት እንደ ሄደ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ በዚህ ይታወቃል። ፊደል የማያውቀው እረኛ የመቶ ኪሎ ሜትርን አገር ዜና እንዲህ አድርጎ በልቡ ይይዛል።

በስፋቱ ሲመዘን የወንዙ ዳር ከአፋር ምድር ጥቂቱ ክፍል ነው። የእርሻ ባለሙያ ካርታ ዘርግቶ ቢለካው «ከዚህ ሁሉ ሰፊ አገር ይህችን ታህል ብትወሰድ ምን ይጎዳል?» ሊል ይችላል። ነገር ግን የዘር እህልም ከምርቱ ሁሉ ጥቂቱ ክፍል ነው፤ እርሱን የበላ ገበሬ የሚመጣውን ዓመት እንደ በላ ሁሉም ያውቃል። የወንዙም ዳር ለከብት አርቢው የዘር እህል ነው። ብዙ ወር በደረቁ ሜዳ መቆየት የሚቻለው ሐጋዩን የሚያሳልፉበት ስፍራ ሲኖር ነው፤ ያ ስፍራ ከሌለ ያ ሁሉ ወርም ከንቱ ነው።

ይህ ሕዝብ በጥንት ዘመን ከደጋው ተለይቶ የኖረ፣ ሀብትም የማያውቅ አልነበረም። ከዳሎል ሜዳ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ትግራይ ገደል ይወጣ ነበር፤ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስም በደጋው ገበያ እንደ ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር። በባቲ ሰኞ፣ በሰንበቴ እሑድ በሚቆመው ገበያ ቆለኛው ከብቱንና ቅቤውን፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይገናኛል። አዋሽ ከመጨረሻው በሚደርስበት በአውሳ ደግሞ የወንዙን ውኃ በቦይ እየመራ ማሽላና በቆሎ የሚያበቅል፣ ሱልጣን ያለው አገር ነበረ። ወንዙንም የሚጠብቅ ኀይል አላጣም። በግብፁ ኬዲቭ ትእዛዝ ጦር አስከትሎ ከታጁራ ወደ አውሳ የገባው የስዊስ ተወላጁ ሙንዚንገር በኅዳር 1868 ዓ.ም. በዚያው በአውሳ ተገደለ። የአዋሽን መጨረሻ አይቶ ለዓለም ያስታወቀው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀርም በ1926 ዓ.ም. ወደዚያ ሊደርስ የቻለው ከአውሳው ሱልጣን ከመሐመድ ያዮ ፈቃድ በማግኘቱ ነው።

እንግዲህ ለውጡ የመጣው በጦር ሳይሆን በሕግና በግድብ ነው። ደገኛው ርስትን የሚያውቀው በማረሻና በድንበር ድንጋይ ነው። የታረሰ ምድር ባለቤት አለው፤ ያልታረሰው ግን የማንም ያልሆነ ይመስለዋል። በከርማ ወራት ወደ አዋሽ ዳር የሚወርድ እንግዳም ሰውና ከብት ርቀው ሄደዋልና ባዶ ሜዳ ያገኛል። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ130ኛው አንቀጽ በግል ስም ያልተያዘውን ሁሉ፣ የግጦሽ ምድርን፣ ወንዝንና ሐይቅን ጨምሮ፣ የመንግሥት ንብረት አድርጎ ደነገገ። ጎሣ በጋራ የያዘው ሣር በማንም ሰው ስም አልተጻፈምና፣ በዚህ ቃል መሠረት የአፋር ግጦሽ ባለቤት እንደ ሌለው ሆነ።

ከዚህ ሕግ አስቀድሞ በላይኛው አዋሽ ሥራው ተጀምሮ ነበር። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ዠመረ። ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን ተቋቁሞ የወንዙን ውኃና በዳሩ ያለውን ምድር ለልማት የማደላደል ሥልጣን ተሰጠው። በታችኛው አዋሽ፣ በዱብቲ አካባቢ፣ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1950ዎቹ የተንዳሆን የጥጥ እርሻ መሠረተ። በ1958 ዓ.ም. የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያም የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ዠመረ። እነዚህ ሁለቱ ይልቁንም የከረዩን ኦሮሞ ግጦሽ የነኩ ናቸው፤ ከረዩዎችም እንደ አፋር ከወንዙ ዳር በጋን የሚያሳልፉ ከብት አርቢዎች ነበሩ። በመካከለኛው አዋሽም በአሚባራና በመልካ ሰዲ ሌሎች የጥጥ እርሻዎች ተከተሉ።

ጉዳቱ በሁለት መንገድ መጣ። አንደኛው ግልጥ ነው፤ እርሻ የሆነው ምድር ለከብት ተዘጋ። ለጥጥና ለሸንኮራ የተመረጠውም በውኃ አጠገብ ያለው፣ ደለሉ የወፈረው ምድር ነው፤ ይኸውም ከብት በሐጋይ የሚተርፍበት ያው ስፍራ ነው። ሁለተኛው ጉዳት ስውር ነው። የቆቃ ግድብ የወንዙን ሙላት ይዞ በዓመቱ ውስጥ በመጠን ይለቅቃል። ይህ ለመብራት ኀይልና ለመስኖ ታላቅ ጥቅም ሲሆን፣ ከሙላቱ በኋላ በሚበቅለው ሣር ለሚኖር ግን ጉዳት ነው፤ ወንዙ ከአፉ ካልወጣ ዳሩ አይጠጣም። ስለዚህ ማንም ያልነካው፣ አጥርም ያልታጠረበት ግጦሽ ከማሳው ብዙ ርቆ ሳለ ቀነሰ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ተረት በአዋሽ ልጅ ላይ ተፈጸመ።

መንጋውም ከወንዙ ሲገፋ የሚሄድበት አላገኘም። በምዕራብ ያለው ገደል በገበሬ ተይዟል፤ በምሥራቅ በኩል ከኢሳ ሶማሌ ጋር በግጦሽና በውኃ ምክንያት ብዙ ዘመን የቆየ ጠብ አለ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በደረቁ ሜዳ ቀረ፤ ሜዳውም ዕረፍት አጥቶ ሣሩ ከሥሩ ተነቀለ። ከዚያ በኋላ የመጣ ተመልካች ምድሩ መራቆቱን አይቶ «ከብት በዝቶ አገር አጠፋ» አለ። እውነትም ከብቱ ለዚያ ምድር በዝቶ ነበር፤ ነገር ግን የበዛው መንጋው አድጎ ሳይሆን ምድሩ አንሶበት ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት የታየው በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በሆነው ረሃብ ነው። ዝናም በተከታታይ በቀረ ጊዜ አባቶች ያደርጉት እንደ ነበረ ወደ ወንዙ ዳር መመለስ ብዙዎች አልቻሉም። ከብቱ አለቀ። የተረፈውም ቢሆን አንድ ሌላ መከራ አገኘው። አፋር በወተት ብቻ አይኖርም፤ የዓመቱን ቀለብ የሚሞላው ከብቱን ሸጦ እህል በመግዛት ነው። በድርቅ ጊዜ ሻጭ ሁሉ በአንድነት ወደ ገበያ ስለሚወርድና ከብቱም ከስቶ ስለሚደርስ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ በዚያው ወራት እህል ይወደዳል። ስለዚህ የመንጋው እኩሌታ የሞተበት ሰው በቀረው እኩሌታ የቀድሞውን እኩሌታ እህል እንኳ መግዛት አይችልም። ብዙ ቤተ ሰብ ምጽዋት ፍለጋ ከደሴ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ዳር ወጥቶ ሰፈረ።

በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የቤንጋል ተወላጁ ሊቅ አማርትያ ሴን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረሃብ መርምሯል። በዚያ ዘመን በመላው ኢትዮጵያ የተመረተው እህል ለዚያ ሁሉ ሞት በቂ ምክንያት በሚሆን መጠን አልቀነሰም ነበር። በቁጥር ከሞቱት የሚበዙት የወሎ ገበሬዎች ቢሆኑም፣ ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዘን የአፋር ጉዳት ከሁሉ የበረታ ሳይሆን እንደማይቀር ሴን ገምቷል። ከምክንያቶቹም መካከል ግጦሹ ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ መወሰዱንና ከብት በእህል የሚለወጥበት ዋጋ መውደቁን ቆጥሯል። እንግዲህ ሰማዩ ዝናሙን ከለከለ ማለት እውነት ነው፤ የዝናም መከልከል ረሃብ እንዲሆን ያደረገው ግን በምድር ላይ የተሠራው ሥራ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ጥጥና ስኳር ለአገር ጥቅም አይደለምን? ከተሜው ያለ ልብስ፣ ፋብሪካውም ያለ መብራት ይኑር ወይ?» የሚል ሰው ተገቢ ነገር ጠይቋል። የአዋሽ ልማት ለብዙ ሺሕ ሠራተኞች እንጀራ ሰጥቷል፤ ለአገሪቱም ኀይልና ልብስ አስገኝቷል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ምሳሌ ከዚያው ከአዋሽ ዳር፣ ከአውሳ ይገኛል። በ1936 ዓ.ም. በመሐመድ ያዮ ምትክ የተሾሙት ሱልጣን ዓሊ ሚራሕ ሐንፈሬ የእንግሊዙ ኩባንያ ጥጥ ማትረፉን ባዩ ጊዜ፣ እርሳቸውም ሹማምንቶቻቸውም ጥጥ ማልማት ዠመሩ። በእርሻውም ባለጠግነት ያገኙ አፋሮች ተነሡ። ምድሩ ያው ምድር፣ ሙቀቱ ያው ሙቀት፣ ወንዙም ያው ወንዝ ነው፤ ልዩነቱ ማሳው የማን እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ጥቅሙ ለሁሉ እኩል አልደረሰም፤ ባለ ቦይ የሆነው ሲበለጥግ ባለ ግመሉ እንደ ድሮው ቀረ። ዳሩ ግን አፋር እርሻን ከልማድ የተነሣ ይጠላል የተባለው ነገር እውነት እንዳልሆነ አውሳ ይመሰክራል።

የዘውዱ መንግሥት ከወረደ በኋላ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የኩባንያዎቹን እርሻ ሁሉ የመንግሥት አደረገ። በዚያው ዓመት ሱልጣን ዓሊ ሚራሕ ከአገር ተሰደዱ፤ ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1983 ዓ.ም. ነው፣ ያረፉትም በ2003 ዓ.ም. ነው። ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ እርሻው እርሻ፣ ግጦሹም የተዘጋ ሆኖ ቆየ። ጥቂት አፋሮች በሰፈራ ማሳ ተሰጣቸው፤ የሚበዙት ግን ወደ ወንዙ መግቢያ አላገኙም። በአሚባራ በኩል ብዙ ውኃ ያለ በቂ ማፋሰሻ የፈሰሰበት ማሳ ጨው አወጣ። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅም፣ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው፣ እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በለጠ፤ ጨዋማው ውኃውም የከረዩን ግጦሽ ዋጠ። ከመስኖው የሚሰርገው ውኃ ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ነው።

በ1970ዎቹም ምድሩን ከነፋስና ከመሸርሸር እንዲጠብቅ ተብሎ ከአሜሪካ አገሮች የመጣው፣ በሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባለው እሾኻም ዛፍ በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ። ከብት ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩንም በእበቱ ይዞ ይዘራዋል። በዚህ አኳኋን ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ የአፋር ምድር ወርሯል፤ በሥሩም ሣር አያበቅልም። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ከመንግሥት እርሻዎች አንዳንዱ ለጎሣዎቹ በተመለሰ ጊዜ፣ ሰው ያጣው ማሳ ብዙው በዚህ ዛፍ ተያዘ። ስለዚህ ምድር መልሶ ማግኘት የቀድሞውን ግጦሽ መልሶ ማግኘት አልሆነም፤ አንድ ጊዜ የተቋረጠ ሥርዓት በአንድ ደብዳቤ አይመለስም።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጹ ለኢትዮጵያ ዘላኖች በነጻ የግጦሽና የእርሻ ምድር የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ደንግጓል። ከ1948ቱ ቃል ጋር ሲነጻጸር ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ያ የማንም አይደለም ያለውን ይህ ባለቤት አለው ብሏልና። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በአፋር ክልል የተገኘው ሕዝብ 1 ሚሊዮን 390 ሺሕ ያህል ነበረ። ዳሩ ግን በወረቀት ያለው መብት በሐጋይ ወራት በወንዙ ዳር ካልተገኘ ለከብት ሣር አይሆንም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተንዳሆ ግድብ ለሸንኮራ መስኖ መሠራት በተጀመረ ጊዜም ያው የቀድሞው ጥያቄ፣ ማለት ለከብቱ የቀረው የበጋ ስፍራ የት ነው የሚለው፣ እንደ ገና ተነሥቷል።

ይህ ነገር ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት በ26ኛው ምዕራፍ የይስሐቅ ታሪክ ተጽፏል። ይስሐቅ መንጋው ብዙ፣ አገሩም ደረቅ ነበረ። አባቱ ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን አፈር ሞልተው ደፍነውበት ነበር፤ እርሱም ደግሞ ቢያስቆፍር የጌራራ እረኞች ውኃው የእኛ ነው ብለው ተጣሉት። ሁለቱን ጉድጓድ በጠብ አጣ፤ ሦስተኛውን ማንም ባልተጣላው ጊዜ ስፍራ እንደ ሰፋለት ቈጥሮ ርኆቦት አለው። በዚያ ታሪክ ምድሪቱ በሦስቱም ጉድጓድ ዘመን ያው ደረቅ ምድር ናት። የይስሐቅን ቤት ያጠበበውም ያሰፋውም የዝናሙ ብዛትና ማነስ ሳይሆን ጉድጓዱ ክፍት ወይም የተደፈነ መሆኑ ነው። ይስሐቅንም ከብት አርቢ ስለ ሆነ ሰነፍ ወይም ኋላ ቀር ብሎ የነቀፈው አንድ ሰባኪ እንኳ የለም።

እንግዲህ የአፋርን ድህነት ከአየሩና ከምድሩ ብቻ የመጣ አድርጎ የሚናገር ሰው የፈጣሪን ሥራ ሳያውቅ ይከስሳል፤ ከሰው የመጣውንም ጥፋት ያድበሰብሳል። ከእረኛው ጠባይ የመጣ አድርጎ የሚናገር ደግሞ የተበደለውን ስለ በደሉ ይወቅሳል። የሁለቱም ስሕተት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ይኸውም ምድርን በስፋቷ እንጂ በወራቷ አለመቁጠር ነው። በድርቅ ዓመት ሰኞ ቀን በባቲ ገበያ የከሳች ፍየሉን በማይሆን ዋጋ የሚሸጥ አፋር ያጋጠመው ካህን ወይም ነጋዴ፣ ዝናም መቅረት አለመቅረቱን ከመጠየቁ ጋር የዘንድሮውን ሐጋይ መንጋው የት እንዳሳለፈም ይጠይቀው።